ያላነበብኩላቸው መስመር

ደባርቅ ላይ፣ ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሁለት ኮምፒውተርና አንዲት አመለኛ ፕሪንተር ያሏት ጠባብ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ። ትውልዴ ዳባት ነው። እናቴ «የአንቺ ምላስ ከአንቺ ቀድሞ ቤት ይገባል» ትለኝ ነበር፤ እኔም እንደ ምርቃት እቆጥረው ነበር።

ከማመልከቻው ጎን ለጎን የአካባቢውን ወሬ የምለጥፍበት የፌስቡክ ገጽ ነበረኝ። የእኔ መሆኑን ከሁለት ጓደኞቼ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። መብራት ጠፋ፣ መንገድ ተዘጋ፣ የእገሌ በሬ ጠፋ እያልኩ ነው የጀመርኩት። እየቆየሁ ስሄድ ግን ሰው የሚወደው የበሬ መጥፋት ሳይሆን የሰው መዋረድ መሆኑ ገባኝ። አንድ ነጋዴ በሚዛን አጭበረበረ ብዬ የለጠፍኩ ዕለት ስልኬ እስኪግል ድረስ ላይክ ዘነበልኝ። ደስ አለኝ፤ ደስታውንም እንደ ጽድቅ ቆጠርኩት።

ከዕለታት አንድ ቀን ጎብኚ የሚያመላልስ አንድ ሹፌር ቪዲዮ ላከልኝ። ፓርኩ ውስጥ፣ ከቡይት ራስ በላይ ባለው መንገድ አንድ ሰውዬ በቅሎ እየነዳ ይሄዳል። በቅሎዋ ላይ በጋቢ የተሸፈነ ነገር ተጭኗል። ሹፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ይጠይቀዋል፤ ሰውዬው ይመልሳል፤ ነፋሱ ያፏጫል። ከዚያ ነፋሱ የጋቢውን ጫፍ ይገልጠውና የዋልያ ቀንድ፣ ቀጥሎም የተንጠለጠለ አንገት ይታያል። ሰውዬው ደንግጦ ጋቢውን መልሶ ይጎትታል። እዚያ ላይ ያልቃል።

እኛ አገር ዋልያ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ደሜ ፈላ። ኔትወርኩ ደግሞ የዚያን ቀን እንደ ልማዱ ይንፏቀቅ ነበርና ሙሉውን ልጫን ብል እምቢ አለኝ። ቆረጥኩት። ጋቢው ከሚገለጥበት ጀመርኩና ጋቢው በሚሸፈንበት ጨረስኩ። ከላዩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «እዩት ይህን ነውረኛ! ዋልያችንን ገድሎ፣ በጋቢ ሸፍኖ ሲሄድ እጅ ከፍንጅ! አጋሩት፤ ፊቱን አገር ይወቀው!»

አገር አወቀው። በማግስቱ ሌሎች ገጾች ወስደው አባዙት፤ የሆነ ሰው ስሙን ጻፈ፤ ሌላው ጎጡን ጻፈ። እኔ ስም አልጠራሁም እያልኩ ራሴን አረጋጋሁ። ከሳምንት በኋላ ሌላ ወሬ መጣና ረሳሁት።

ከወር ከምናምን በኋላ፣ በገበያ ቀን፣ ከምሳ ሰዓት አለፍ ብሎ፣ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሙ።

«ማመልከቻ የምትጽፊው አንቺ ነሽ?»

ገና ሳይቀመጡ አወቅኋቸው። በቪዲዮው ካየኋቸው አጠር ይላሉ። ያው ጋቢ ነው የለበሱት፤ ታጥቦ ታጥቦ ሳስቷል። ወንበር ሳብኩላቸው።

«ይቀመጡ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ስማቸው ታደለ ነው፤ ጎጣቸው ውስጥ አያ ታደለ ይባላሉ። በበቅሎ ጎብኚ ይዞ መሄድ ሥራቸው ነበር። በቅሎ ያላቸው ሰዎች ማህበር አላቸው፤ በተራ ነው የሚወጡት፤ ተራው የደረሰው ጓዝ ጭኖ ወደ ተራራው ይሄዳል። ጋሽ ታደለ ጥንቅቅ አድርገው ነገሩኝ፤ እኔም ጣቴን ኪቦርዱ ላይ አድርጌ ሰማኋቸው።

«ዋልያው ከገደል ወድቆ ነው ያገኘሁት። እግሩ ተሰብሯል፤ ትንፋሹ ወጥቷል። እዚያው ብተወው ጅብ ይበላዋል፤ ኋላ ጠፋ ሲባል የምንጠየቀው እኛው ነን። ሁለት ሰው አግዞኝ ጫንኩትና ለፓርኩ ጠባቂዎች አስረከብኩ። አይተው፣ መርምረው፣ ጥይትም ወጥመድም አልነካውም ብለው ይህን ሰጡኝ።» ከፌስታል ውስጥ ማህተም ያለበት ወረቀት አወጡ። «የጎጤን ሰዎች አሳየኋቸው። ወረቀት ይገዛል አሉኝ። ሰው አሁን የሚያምነው ስልኩን ነው።»

«ጋቢውን ለምን አለበሱት ታዲያ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ይህ ጥያቄ በውስጤ ብዙ ጊዜ የተመላለሰ ነው። ያ ጋቢ ባይኖር እኔም ያን ያህል አልቆጣም ነበር።

እንደ ሞኝ አዩኝ። «ሬሳ አይደለም እንዴ? ሬሳ ተገልጦ በመንገድ ይሄዳል?»

ጣቴን ወደ ኪቦርዱ መለስኩ።

«ከዚያ ከተራ አወጡኝ» አሉ። «እሱስ ግድ የለም፤ ድንችም ዘርቼ እበላለሁ። ከዕድር አወጡኝ። እሳት እንዳይሰጡት፣ ውሃ እንዳይቀዱለት ተባለ። በሳምንቱ እናቴ ሞተች።»

ፕሪንተሯ ራሷን በራሷ አንድ ጊዜ አጓራች። ሁለታችንም ወደሷ ዞርን።

«ቄሱ መጡ፤ ፍታት አይከለከልም። የሰው ዘር ግን አልመጣም። እኔ፣ ወንድሜ፣ ከጃናሞራ የመጡ ሁለት አማቾቼ። አራት ሆነን ተሸከምናት። እኛ ዘንድ እኮ ተሸካሚው ይቀያየራል፤ ሬሳ መሬት ሳይነካ ከትከሻ ትከሻ እየተቀባበልን ነው ቤተክርስቲያን የምናደርስ። የሚቀበለን ስላጣን አምስት ጊዜ መሬት ላይ አስቀመጥናት። አምስት ጊዜ።» እጃቸውን ዘርግተው ጣቶቻቸውን አሳዩኝ። «ከስድስት ቀን በኋላ አርባዋ ነው። እሑድ ዕድሩ ይሰበሰባል። ስሜ ይጥራልኝና ለአርባዋ እንኳ ሰው ይምጣላት። ከዚህ ሌላ የምለምነው የለኝም።»

ማመልከቻውን ጻፍኩ። እንደዚያ ቀን አድርጌ አሳምሬ የጻፍኩት ማመልከቻ የለም። አንብቤላቸው «ይበቃል?» ስል ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይበቃም። ስልኩ ላይ ሰው ስለኔ ያለውን አንብቢልኝና እሱንም ጻፊልኝ። ክፉውንም፣ ደጉንም።»

«ምን ያደርግልዎታል ጋሼ? መጥፎ ቃል ነው።»

«አገሬ ያወገዘኝ በዚያ ቃል ነው። ቃሉን ሳላውቀው ምን ብዬ ልመልስ?»

ስልኬን አወጣሁ። የራሴን ገጽ ከፈትኩ። ከቪዲዮው በላይ የእኔ መስመር ተቀምጧል፤ ነውረኛ፣ እጅ ከፍንጅ፣ አጋሩት። አውራ ጣቴ ስክሪኑን ወደ ላይ ገፋው። እንዲሁ፣ ሳላስበው ብዬ ብናገር ደስ ይለኝ ነበር። አስቤው ነው። ከእሱ በታች ካለው አስተያየት ጀመርኩ።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አነበብኩላቸው። ደንበኛ ሲመጣ «ነገ» እያልኩ መለስኩ። «እጁ ይቆረጥ» የሚል ነበር። «ከነቤተሰቡ ይባረር» የሚል ነበር። «ያ ጎጥ ሁሉ አዳኝ ነው፤ ማንም እንዳይሄድበት» የሚል ብዙ ነበር። እሱን ሳነብ ነው የጎጡ ሰዎች ለምን እንዳገለሏቸው የገባኝ፤ ከእሱ ጋር አይደለንም ብለው ለማሳየት ነው የተሯሯጡት። ጋሽ ታደለም ገብቷቸዋል። «እሱንም ጻፊ» አሉኝ። «ፈርተው ነው። ጎብኚ ቢቀር የስንቱ ልጅ ጾሙን ያድራል።»

አንዲት ሴት እንዲህ ብላ ነበር፦ «አባቴ ዋልያ ሲጠብቅ ውርጭ ላይ እያደረ ሳንባውን ታሟል። ይህን ሳይ አለቀስኩ።» እዚህ ላይ አስቆሙኝ።

«የዚችን አንዲት ቃል እንዳትቀንሺ። እውነቷን ነው። የገደለው ሌላ ሰው ቢሆን እኔም እንዲሁ እል ነበር።»

ከሁሉ መካከል አንድ ሰው «ሰውዬው ራሱ ምን አለ? የጠየቀው አለ?» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ የሳቁበት እንጂ የመለሰለት የለም። ጋሽ ታደለ ደግሜ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ደገምኩት። «እግዜር ይስጠው» አሉና ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ለሹፌሩ እኮ ነግሬው ነበር» አሉ ቆየት ብለው። «ወድቆ አገኘሁት፣ ላስረክብ ነው ብዬዋለሁ። ያን ቀን ነፋስ ነበር። ነፋሱ ነው ድምፄን የወሰደው። እንጂ ሰምቶ እንዲህ የሚያደርግ ሰው የለም።»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ይህን ሁሉ የጀመረው የመጀመሪያው ሰው ማነው?»

«ስሙ የለውም፣ ጋሼ» አልኳቸው። ገጹ ላይ ስም የለምና ውሸት አልነበረም። እንዲህ ዓይነቱን አባባል ማመልከቻ ስጽፍ ነው የተማርኩት።

አሥራ አንድ ገጽ ወጣ። ሊሄዱ ሲነሱ እሑድ መጥቼ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ጎጥ ውስጥ የተማረ መች ጠፋ ብል «የጻፈው ሰው ነው የሚያነበው፤ የዕድራችን ደንብ ነው» አሉ። እምቢ ማለት አቃተኝ። ይህን ካደረግኩላቸው ይካሳል ብዬም አስቤ ነበር። እንዲህ ነበርኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደረስኩ። ከቤተክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ባለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ሰዎቹ ተደርድረዋል፤ ሴቶቹ ከግንቡ ሥር ናቸው። ጋሽ ታደለ ከሁሉም ራቅ ብለው ብቻቸውን ቆመዋል። በእሳቸውና በሰው መካከል ያለው ባዶ መሬት አሁንም ይታየኛል፤ በግ ታስሮ የሚግጥበትን ያህላል።

የዕድሩ ዳኛ ባሻ ፈንታ ይባላሉ፤ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ ልጄ። እንግዲህ የያዝሽውን አሰሚን።»

የጠባቂዎቹን ወረቀት አነበብኩ። ማመልከቻውን አነበብኩ። ከዚያ አሥራ አንዱን ገጽ። «ያ ጎጥ ሁሉ አዳኝ ነው» ስል ሰዎቹ ተቁነጠነጡ። ጋሽ ታደለ ስለ ፍርሃታቸው ያሉትን ሳነብ ግን አንገታቸውን ደፉ። አራት ሆነው እናታቸውን መቅበራቸው ሲነበብ ከሴቶቹ አንዷ «ወይኔ» ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ነገሩ ሊሳካ ነው ብዬ ተነፈስኩ። ወረቀቴን አጠፍኩ።

«ቆይ» አሉ ባሻ ፈንታ። «መሐላው ቀርቷል።»

«የምን መሐላ?»

«በእኛ ዘንድ ጽሑፍ ይዞ ሸንጎ የቆመ ሰው ወደ ቤተክርስቲያኗ ዞሮ ይምላል። ያልተባለ አልጨመርኩም፤ የተባለ አላስቀረሁም ይላል። ከዚያ ነው ቃሉ ቃል የሚሆነው። ያልማለበትን አናምንም።»

ስንትና ስንት ማመልከቻ ጽፌያለሁ። ጽፌ እሰጣለሁ፤ ባለጉዳዩ ይዞት ይሄዳል፤ የት እንደሚነበብ አይቼ አላውቅም። ያጋነንኩትን፣ የዘለልኩትን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አሁን ፊቴን ወደ ማርያም አዞሩኝ። የቆርቆሮው ጣሪያ ያብለጨልጫል። ሰዉ በሙሉ ይጠብቃል። ጋሽ ታደለ በተስፋ ያዩኛል። ብምል ነገሩ አለቀ፤ ሰው ለአርባው ይመጣል፤ እኔም በሰላም ቤቴ እገባለሁ። የማያውቁት ነገር እኮ አይጎዳቸውም አልኩ በልቤ። እጄን አነሳሁ።

«ያልተባለ አልጨመርኩም» አልኩ። እሱ እውነት ነው።

ሁለተኛውን ግማሽ ሳልል እጄን አወረድኩ።

«በይ እንጂ፣ ልጄ» አሉ ባሻ።

«ያስቀረሁት አለ» አልኩ።

ስልኬን አወጣሁና ያችን መስመር አነበብኳት። አንብቤ ስጨርስ «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ገጹ የእኔ ነው» አልኩ። ከዚያ ሹፌሩ የላከልኝን ያልተቆረጠውን ቪዲዮ ከፍቼ ለባሻ ሰጠኋቸው። ጆሯቸው ላይ አደረጉት፤ ቀጥሎ ያሉትም ተቀበሉ፤ ስልኬ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከነፋሱ ሥር የጋሽ ታደለ ድምፅ በየጆሮው ይሰማል፦ ከገደል ወድቆ አገኘሁት፤ ላስረክብ ነው።

«ለምን ቆረጥሽው?» አለኝ አንድ ጎልማሳ ብድግ ብሎ።

«ኔትወርክ አልነበረም። ሙሉው እምቢ አለኝ።»

«እና ሰውዬውን በኔትወርክ ነው የገደልሽው?» ስልኩን አውጥቶ ወደኔ ደገነ። «ፊትሽን ቀና አድርጊ! አንቺንም አገር ይይሽ!»

ሌላም ስልክ ወጣ። ሌላም። መሬቱ ቢከፈት እገባለሁ። የዚያን ጊዜ ጋሽ ታደለ ያን ባዶ መሬት ተሻግረው መጡና እጃቸውን በጎልማሳው ስልክ ላይ አደረጉ።

«አስቀምጥ።»

«አያ ታደለ፣ አንተን እኮ ነው የ…»

«አስቀምጥ አልኩህ። እኔ የመጣሁት ሰው ለእናቴ እንዲመጣ ነው። ይህን ለማየት አይደለም።»

ባሻ ፈንታ በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «እሷስ ከሩቅ ናት» አሉ በመጨረሻ። «የእኔ ደጅ ከታደለ ደጅ ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። ተነስቼ አልጠየቅሁትም።» ከዚያ ተነስተው ጋሽ ታደለን አቅፈው ሳሟቸው። አንድ በአንድ ሁሉም ተነሱ።

በማግስቱ ሙሉውን ቪዲዮ ከስሜ ጋር ለጠፍኩት። የሆነውን ሁሉ ጻፍኩ። እሳቸውን «እጁ ይቆረጥ» ያለው ሰው እኔን «ምላሷ ይቆረጥ» አለኝ፤ ያው ሰው ነው፤ ፎቶውም አልተቀየረም። ዳባት ያለችው እናቴ ድረስ ደወሉላት። አልተከራከርኩም። ያሉኝን ሁሉ ግን ቀድቼ አስቀምጫለሁ፤ እንደ ጋሽ ታደለ ክፉውንም ደጉንም። «ቢያንስ ተናግራለች» ያለችም አለች። ደጋግሜ የማነበው ግን ያንን አይደለም።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ነገሩ ታረመ ብላችሁ እንዳታስቡ። ያ የቆረጥኩት ቪዲዮ ዛሬም ይዞራል። ሙሉውን ያየው ጥቂት ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ የማላውቀው ሰው ዛሪማ ላይ ሻይ ቤት ተቀምጦ ለጓደኛው ሲያሳየው አየሁ። ጠጋ ብዬ «ይህ ሰው ንጹሕ ነው፤ የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አልኩት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና «እሺ» አለ። ከዚያ ስልኩን ወደ ጓደኛው አዙሮ ከመጀመሪያው አጫወተው። እንቅልፍ ሲነሳኝ የሚታየኝ ግን ይህም አይደለም፤ መንገድ ዳር አምስት ጊዜ የተቀመጠችው አሮጊት ናት። ፊቷን አይቼው አላውቅም፤ ሁልጊዜ ተሸፍና ነው።

ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል እንደገና አንድ ነገር ልዘል እንደነበር ታወቀኝ። የአርባውን ቀን።

ሄጄ ነበር። ዳሱ ሞልቶ ሰው ውጭ ተቀምጧል። ከአጎራባች ጎጦች ሳይቀር መጥተዋል። ባሻ ፈንታ ራሳቸው ያስተናግዳሉ። ጋሽ ታደለ የጠላ ጆግ ይዘው በየመቀመጫው እየዞሩ ሲቀዱ እኔ ጋ ደረሱ። ቀዱልኝና አልሄዱም። ሰዉን በዓይናቸው ቃኙት።

«ያን ቀን አራት ነበርን» አሉ።

ብርጭቆዬን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«ልጄ» አሉኝ ጎንበስ ብለው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ። «ስትቆርጪው፣ ቃሌን ሰምተሽው ነበር?»

ለእናንተ መጀመሪያ ላይ «ሰውዬው ይመልሳል፤ ነፋሱ ያፏጫል» ብዬ አልፌያለሁ። ለሸንጎው ኔትወርክ ብያለሁ። ለእሳቸውም ነፋሱን ማለት እችል ነበር፤ ራሳቸው ናቸው የሰጡኝ።

«ሰምቼው ነበር» አልኳቸው። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው ብዬ ነው የቆረጥኩት።»

ቁጣ እጠብቅ ነበር፤ አልተቆጡም።

«እኔ እኮ ነፋሱ መስሎኝ ነበር» አሉ።

ከዚያ ጆጉን ቀና አድርገው፣ ከጎኔ ለተቀመጡት ሴትዮ ቀዱላቸው።